ሰዓት የተረፈኝ ዓመት

መስከረም 19 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ዛሬም ለጥቂት። አለቃዬ አቶ ዱባለ የፊርማውን ወረቀት ሰብስበው ወደ ቢሯቸው ሊያስገቡ ሲሉ ደረስኩ። ባጃጁ መንገድ ላይ ቆሞብኝ የቀረውን በሩጫ። ጫማዬ ጭቃ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ። «ብሩክታይት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አሉኝ። ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ይሄ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ከመጣ ወዲህ ግድግዳው ፈርሶ ሁላችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ነን። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ያያል።

ልጄ ባርኮት ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አላት። ለከሰዓት ፈቃድ ጠየቅኩ። «አያቷ አለች አይደል እንዴ?» አሉኝ። እናቴ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? ቀኑን ሙሉ እጄ ኪቦርድ ላይ፣ ልቤ ቤት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ፈርሜ እየበረርኩ ስገባ ሁሉም አልቋል። ክሊኒክ ሄደዋል፣ መድኃኒት ተሰጥቷታል፣ በልታለች፣ ተኝታለች። እናቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ «ጉሮሮዋ ነው አሉ» አለችኝ። ለኔ የቀረ ነገር የለም። የልጄን ግንባር ነካ አድርጌ እራቴን በላሁ።

መስከረም 24፣ ሰኞ

መልካሙ ቅዳሜ መጣ፣ ትናንት ከሰዓት ሄደ። ከተጋባን ጀምሮ ኑሯችን እንዲህ ነው። እሱ ትንሿ ገሱባ ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል፣ እኔ ሶዶ ደብዳቤ እተይባለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳቁ ይሰማል። ባርኮትን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወደ መሀል ከተማ ይዟት ይወርዳል። ጭማቂ ቤት ይገባሉ፣ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፣ ሲመለሱ ሁለቱም የሚያወሩት አያልቅም። እኔንም እንደ እጮኛ ነው የሚያጫውተኝ። እሁድ ቸርች፣ ምሳ፣ ከዚያ መናኸሪያ።

ቢሮ ጎኔ የምትቀመጠው ሳህሊቱ «ዕድለኛ ነሽ» ትለኛለች። «የኔው በየቀኑ ነው ያለው።» ሳቅን።

ዕድለኛ ነኝ? ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን መጠበቅ… ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ እሁድን መፍራት።

ጥቅምት 7፣ እሁድ

ባርኮት ደጅ ስትሮጥ ወደቀች። ጉልበቷ ደማ። ከሁሉም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። እጄን ገፋችኝና «አዬ! አዬ!» እያለች አለቀሰች። አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። እኔ እናቴን የምጠራበት ነው። እሷም ከኔ ሰምታ አያቷን አዬ ትላለች። እኔን ግን «ብሩኬ» ነው የምትለኝ፣ ልክ እንደ ጎረቤት። እናቴ መጥታ ስታነሳት ለቅሶዋን አቆመች።

መልካሙ ቆሞ ያያል።

መናኸሪያ ስሸኘው ነገርኩት። «ዝውውር ልጠይቅ። ገሱባ ወረዳ ጸሐፊ ይፈልጋሉ አሉ። አንድ ላይ እንሁን። ልጄንም ልያት።» ሚኒባሱን አየ። ሚኒባሱ እየተጣራ ነው። «ምነው?» አልኩት። «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ «ጥሩ ነው እኮ።»

ሁለት ጊዜ ለምን አለው?

ኅዳር 3፣ ዓርብ

ተፈቀደ! አቶ ዱባለ «ሰው ከገሱባ ወደ ሶዶ ነው የሚለምነን፣ አንቺ ተገላበጥሽ» አሉኝ። ሳህሊቱ አለቀሰች። እኔም።

እናቴ ግን አትመጣም። ለመንኳት። «እድሬ እዚህ፣ ቸርቼ እዚህ። ወዴት ነው የምሄደው?» አለች።

«ብቻሽን ልትሆኚ?»

«ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። እስቲ ልየው።»

ቀልድ መሰለኝ። ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ። ገሱባ

መንገዱ! ትናንት ዕቃችን አይሱዙ ላይ፣ እኛ ጋቢና። ባርኮት ግማሹን መንገድ አስመለሳት፣ ግማሹን አለቀሰች። የመልካሙ ቤት አንድ ክፍል ከጓዳ ጋር ናት፣ ከኋላ ሰፊ ጓሮ አላት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። እኔ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እሱ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው።

ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ገብረማርያም ደግ ሰው ይመስላሉ። «የሚፈረመው የት ነው?» ብላቸው ከልባቸው ሳቁ። «እዚህ ማን ይጠፋል ብለሽ ነው? ሥራ ሲኖር ትሠሪያለሽ፣ ከሌለ ቤትሽ ነሽ። ስንፈልግሽ እንጠራሻለን። ሩቅ አይደለም።»

አምስት ሰዓት ላይ ባርኮትን ከጎረቤት ተቀብዬ ቤቴ ነበርኩ። ገና ከምሳ በፊት! ባርኮትን አጠብኩ፣ ምሳ ሠራሁ፣ ቤት ጠረግኩ። ከዚያ ስምንት ሰዓት ሆነ። ቁጭ አልኩ። ደስ ብሎኛል። ብሎኛል መሰለኝ… ደስታ ሲመጣ እንዲህ ነው እንዴ ዝም የሚያሰኘው?

ኅዳር 23፣ ሐሙስ

ባርኮት አልበላም አለች። «አዬ ጋ ውሰጂኝ።» ቀኑን ሙሉ አብሬያት ነኝ። የፈለግኩት ይሄን አልነበር? እሷ እኮ አልፈለገችም። እሷን ማን ጠየቃት?

ታኅሣሥ 3፣ እሁድ

የሚገርም ቀን። ቸርች ነን። ስብከቱ መሀል ላይ፣ የቢሮው ጥበቃ ኤልሳዕ በጎን በር ገብቶ በጣቱ ይጠራኛል። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ወጣሁ። «መብራት መጥቷል!» አለኝ። ደስ ብሎት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢሮው ኮምፒውተር የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው። መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ የኔ የሥራ ሰዓት መብራት ያለበት ሰዓት ሆነ። ማክሰኞ ምሳ እያበላሁ ተጠራሁ። ሐሙስ ጸጉሬን ታጥቤ ሳልጨርስ። ዛሬ ደግሞ ከቸርች። ሰዎቹ ባጠገቤ ተጠቃቀሱ፣ «የወረዳዋ ጸሐፊ፣ መብራት መጥቶ ነው» ተባባሉ። ሁሉም ያውቃል። ጎመን ልገዛ ስወጣም «ደብዳቤዬ አለቀ ወይ?» የሚለኝ አለ። አንድ ቀን ቤት ከዋልኩ ደግሞ «አሞሽ ነበር እንዴ?»

ሶዶ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ፈርሜ ስወጣ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ትንሽ ነበር፣ ግን የኔ ነበር። እዚህ ቀኑ ሁሉ የኔ ነው። ግን እያንዳንዷን ደቂቃ የሆነ ሰው ሊጠራኝ ይችላል። ታዲያ የቱ ነው የኔ?

ግራ ገባኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

መልካሙ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ የተማሪ ወረቀት ያርማል። ስጠይቀው ይመልሳል። ካልጠየቅኩት አያወራም። ማክሰኞና ሐሙስ የቸርች መዝሙር ኳየር ልምምድ፣ በሌላው ቀን ከመምህራኑ ጋር ካራምቡላ። ክፉ ሰው አይደለም። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ባርኮትን ያስተኛል። ግን…

«ደክሞሃል?» አልኩት።

«አይ።»

«ተቀይመኸኛል?»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነማ እኔ ነኝ የምጠይቀው። ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰውዬ የት ሄደ? ምናልባት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። እኔ አላውቀውም ነበር ማለት ነው። ልጅ ወልጄ ዛሬ ገና ከባሌ ጋር እየተዋወቅኩ…

ጥር 8፣ እሁድ

ትናንት ከባርኮት ጋር ሶዶ ሄድን። እናቴ ከስታ፣ አልቅሳ፣ በር በር ስታይ አገኛታለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ይቅርታ ልላትም አስቤ ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ሴቶች ሞልተዋል። እናቴ መሀል ላይ ዳታ በርበሬ እየፈጨች ታወራለች፣ ሌሎቹ እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጎረቤቶቹ ዳታዋን ወደውላት አሁን ሰው ከሩቅ ያዛታል። የምትሠራው ደስ ባላት ቀን ነው። ሳምንት ሙሉ ዘግታ ቦምቤ ያለች እህቷ ጋ ሰንብታ መምጣቷን ነገረችኝ። ሳትነግረኝ ሄዳ! «ማንን ነው የማስፈቅደው?» አለችኝ። ፊቷ አብርቷል።

ባርኮት እቅፏ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። እናቴ ሳመቻት፣ አጫወተቻት፣ ከሰዓት ሲሆን ግን ልብሷን ራሷ አጣጥፋ ሰጠችኝ። «መንገድ ሳይጨልምባችሁ።»

ስንት ዓመት ልጄን ስታሳድግልኝ እሷም ሰዓቷን ለኔ ስትፈርም ኖራለች። ያን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። ለእሷ ነው? ለራሴ ነው? ባርኮት እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት።

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ መጥታ ለጥናት ነው ብላ ሠራተኛውን ሁሉ ጠየቀች። ጎበዝ፣ ጨዋ። የኔ ተራ ደረሰ።

«በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ?»

«መብራት ባለ ቀን ነው በሌለ ቀን?»

ጻፈች። «የሥራ ሰዓትዎን ራስዎ ይወስናሉ?»

«ማንም አይወስንም።»

እሱንም ጻፈች። «በትልቅ ከተማ ነው በትንሽ ከተማ መኖር የሚመርጡት?» ቀና ብዬ አየኋት። «አንቺስ?» አልኳት። ሳቀች። የመጨረሻው ጥያቄ፣ «በአጠቃላይ በሕይወትዎ ምን ያህል ደስተኛ ነዎት? ከአንድ እስከ አምስት።»

«የቱን ቀን?»

«አማካዩን።»

አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ መሰለኝ፣ ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሦስት በይ» አልኳት። አቶ ገብረማርያም ጥያቄው ሳያልቅ ነበር «አምስት!» ያሉት።

ቤት ገብቼ መልካሙን ጠየቅኩት። «አንተ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ነህ?» ወረቀቱን ማረም አቆመ። ውኃ ሊቀዳ ወጣ። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።

መጋቢት 12፣ ሰኞ



መልካሙ ሶዶ ሥራ አግኝቷል። ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ላብራቶሪ ረዳት ብሎ ቀጥሮታል። ያመለከተው አምና ክረምት ላይ ነው። እኔ ዝውውር ሳልጠይቅ በፊት!

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ካልተሳካ አፍራለሁ ብዬ። ከዚያ አንቺ መናኸሪያ ላይ ስትነግሪኝ… ምን ልበልሽ? ቅሪ ልበልሽ? ቆይቶ ባይሳካስ? የቀረ መስሎኝ ነበር እኮ። ዓርብ ደወሉልኝ።»

ስለዚህ ነው ሁለት ጊዜ «ጥሩ ነው» ያለው።

«ተመልሰን እንግባ» አለኝ። የቱ ቦታ ላይ? የሶዶው ቦታዬ በወሩ ሰው ተቀጠረበት። ባርኮት ገና አሁን መብላት ጀመረች። ጓሮው ላይ የተከልኩት ቦዬ፣ ያ እንደ ድንች የሚቀቀለው፣ ገና አሁን ቅጠል አወጣ።

መጋቢት 13

እሱ ወረቀት ሲያርም፣ እኔ ልብስ ሳጥብ መሸ።

መጋቢት 16፣ ዓርብ

ዛሬ ተናገረ። ጓሮ ቆመን ነበር። እንደዚህ ረጅም ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«እዚህ ስንት ዓመት ኖርኩ፤ አንድ ቀን መምህር ሳልሆን ውዬ አላውቅም። ገበያ ስሄድ ተማሪ። ጸጉር ስቆረጥ የተማሪ አባት። ካራምቡላ ስጫወት ‹ቲቸር ተሸነፈ› ተብሎ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይወራል። ሶዶ ስገባ ማንም አያየኝም። መሀል ከተማ ስሄድ ማንም ቲቸር አይለኝም። ያኔ ትንፋሼ ይመለሳል።»

እኔ ደግሞ የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። ልጠይቀው ፈራሁ፣ ጠየቅኩት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ የምትስቀው… በኛ አልነበረም? በሶዶ ነበር?»

ቶሎ «በናንተ» ቢለኝ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ቶሎ አላለም። መሬት መሬት አየ።

«ብሩኬ… አላውቅም» አለ።

አላውቅም። ስንት ዓመት የኔ ነው ብዬ የያዝኩት ሳቅ። ግን ደግሞ አልዋሸኝም። ልጥላው ወይስ ላመስግነው?

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ሄደ። ሻንጣውን ኤልሳዕ ተሸከመለት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኘው፤ «ቲቸር! ቲቸር!» እየተባለ። እኔን «ለምን አትከተይውም?» ያለኝ ሰው ብዛት። «ሶዶ ቦታዬ ተይዟል፣ ልጄም ገና መልመዷ ነው» እላለሁ።

ያኔ መንግሥት ነው የመደበን፣ መንግሥት ነው የለያየን ይባል ነበር። አሁንስ ማን ነው?

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ

መጣ። ከአጥሩ ውጭ ሳቁ ተሰማኝ። ገሱባ ላይ! ባርኮትን ትከሻው ላይ አወጣት፣ የቢሮ ወሬ አወራኝ፣ የአለቃውን አካሄድ አሳየኝ፣ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ።

ታዲያ የሶዶ አልነበረም። የኔም አይደለም። የመንገዱ ነው? የመራራቁ? ወይስ ሰው የፈለገውን ሲያገኝ የትም ይስቃል?

አላውቅም። ዛሬ ግን ሳቅኩ።

ግንቦት 3፣ ረቡዕ

ትናንት ባርኮት ጓሮ ጎመን እየተከለች፣ እኔ ጎድጓድ እየቆፈርኩላት፣ ኤልሳዕ መጣ። «መብራት መጥቷል።» ባርኮት የያዘችውን ችግኝ መሬት ላይ ጣለችው። አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ ጣለችው። 

ዛሬ ጠዋት አቶ ገብረማርያም ጋ ገባሁ። እንዲህ አልኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ሁለት ተኩል እገባለሁ። መብራት ኖረም አልኖረም እስከ ስምንት ሰዓት አለሁ። ከስምንት በኋላ አትጥሩኝ።»

ዓይናቸው ፈጠጠ። «ነፃነት ሰጥተንሽ አንቺ ገመድ ትፈልጊያለሽ?»

«ገመዱን ራሴ ልሰረው» አልኳቸው። ከየት መጣልኝ?

«እዚህ ሶዶ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

እሺም እምቢም አላሉም። አቶ ዱባለ ቢሰሙ! ከእሳቸው ፊርማ ሸሽቼ መጥቼ ራሴ ላይ ፊርማ የተከልኩ።

ግንቦት 7፣ እሁድ

ከተማው ሁሉ አውቋል። «ሰዓት ያወጣችው ጸሐፊ» ነው ስሜ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሰላምታው ቀዝቅዟል። ማንም ያልጠራኝ ሦስት ከሰዓት ዋልኩ። እንዴት ያለ ሰፊ ነገር ነው!

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ምነው ባልጻፍኩት። መጻፍ አለብኝ።

ትናንት አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ኤልሳዕ በሩ ላይ ቆሞ «ሰው አለ» አለኝ። «ነገ» አልኩት። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ አልጠየቅኩም። ደግሞም ኮራሁ። ባርኮትን ይዤ ጓሮ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ አንዲት ሴት የቢሮው በረንዳ ላይ ነጠላዋን ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ፈጠነች ትባላለች። ከቆላው ቀበሌ በእግሯ ነው የመጣችው። ባሏ ታሞ ሆዱ አብጧል። ሶዶ ለሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። እዚያው በረንዳው ላይ ነው ያደረችው።

 «ይቅርታ» አልኩ።

አማርኛዋ እንደ ብዙዎቻችን ወንድና ሴት አይለይም። «ልጅህ ጋ ነበርክ አሉኝ» አለችኝ። «ጥሩ ነው። ልጅ ጥሩ ነው።» ቁጣ የለባትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን ልከፍት ስል መብራት ሄዷል።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ከዚያ… እንዴት ነው እስከዛሬ ያላሰብኩት? ወረቀት አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። በእጄ ጻፍኩት። በጥሩ ጽሑፍ፣ ቁጥር ሰጥቼ። አቶ ገብረማርያም «በእጅ? ወረዳ እኮ ነን!» አሉ። «ሰውየው ሆዱ አብጧል» አልኳቸው። ሴትዮዋን በበሩ አዩዋት። ፈረሙ፣ ማኅተሙን ራሳቸው መቱት።

ፈጠነች ደብዳቤውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወጣች። አንድ ሌሊት። ባሏ ላይ አንድ ሌሊት ምን ያህል ነው? የኔ ከሰዓት የተገዛው በዚህ ነው?

ሰኔ 9፣ ሐሙስ

ፈጠነች መጣች። ባሏ ሶዶ ታክሞ ተመልሷል። ድኗል ማለት ይከብዳል፣ ግን ይቀመጣል፣ ይበላል አለች። በቆሎ እሸት አምጥታልናለች፣ ገና ለጋ ነው። እቤት ድረስ መጥታ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ! አብረን በላን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭሩን ደብዳቤ ሁሉ ጠዋት በእጄ እጽፋለሁ። መብራት ሲመጣ ረጅሙን ሪፖርት እተይባለሁ። ሰው አይጠብቅም። ከሩቅ የመጣ ወይ ታማሚ ያለበት ሰው ከሆነ ኤልሳዕ ከሰዓትም ይጥራኝ ብያለሁ። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶኛል። ሄድኩ። ባርኮትም አብራኝ መጣች፣ ማኅተሙን እሷ መታችው።

ሰኔ 20፣ ሰኞ

መልካሙ ደወለ። ሶዶ እሱ ካለበት አጠገብ የጸሐፊ ቦታ ተከፍቷል። ደረጃው ከኔ ጋር እኩል ነው። «አሁን ሁሉም ተስተካከለ» አለ። «እዚህ እናትሽ አሉ፣ እኔ አለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ማመልከት ትችያለሽ።»

ጓሮውን አየሁ።

«ምነው?»

«ጥሩ ነው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ያን ቀን እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው።

ሐምሌ 18፣ ሰኞ

ዝናብ፣ ዝናብ። ቅዳሜ መንገዱ ተቆርጦ መልካሙ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሰ። በስልክ ተጣላን። «አንድ ቤተሰብ ሁለት ቦታ ምን ያደርጋል?» አለ። እውነቱን ነው። «አንተ እዚህ ትንፋሽ አጥተህ ነበር፣ እኔ ደግሞ እዚያ» አልኩት። እሱም እውነት ነው። ሁለት እውነት አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ያድራል?

«እኔን አትወጂኝም?» አለ።

«ሰኞም ልወድህ እፈልጋለሁ። ግን ሰኞ ዝም ትላለህ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሱ ይሁን አላወቅኩም።

ሐምሌ 27፣ ረቡዕ

እናቴ መጣች! ጭቃውን ረግጣ፣ ዳታ ይዛ። ሦስት ቀን ትቀመጣለች። ጓሮዬን አየች፣ ቦዬውን ነቅላ አየችው፣ «ውኃ በዝቶበታል» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ትመክረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። «አባትሽ ሲሞት ሰዉ ሁሉ ወንድሜ ቤት እንድገባ መከረኝ። አልገባሁም። ጥሩ ይሁን መጥፎ እስከዛሬ አላውቅም። ኖርኩ ብቻ።»

ከዚያ ተኛች። ታንኮራፋለች። እኔ ደግሞ ይቺን ሴት ገና አሁን መተዋወቄ ነው።

ነሐሴ 22፣ እሁድ

ማመልከቻውን ጻፍኩ። አነበብኩት። አስቀመጥኩት። ነገ እልካለሁ።

ነሐሴ 24፣ ማክሰኞ

አልላክኩም። ለምን? ሶዶ ብገባ ሦስታችን በየማታው አንድ ላይ ነን። ግን ሁለት ተኩል፣ አሥራ አንድ ተኩል። እዚህ ብቀር ጠዋት ለሰዎቹ፣ ከሰዓት ለልጄ፣ መልካሙ ግን በሳምንት ሁለት ቀን። የቱ ይበልጣል? አንዱን ስይዝ ሌላው ይጎድላል። ደስታ የት ነው የሚሸጠው ብዬ ብጠይቅ እዚህም የለም፣ እዚያም የለም የሚሉኝ ይመስለኛል።

ነሐሴ 26፣ ሐሙስ

ዛሬ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰማሁ። ለማንኛውም ልጠይቅ ብዬ ባርኮትን ይዤ ሄድኩ። ለመጠየቅ ብቻ። የሚመዘግቡት መምህርት እታፈራሁ፣ ከመልካሙ ጋር ኳየር የነበሩ ናቸው። በደንብ ያውቁናል፣ ግን እንደ ሥራቸው ጠየቁኝ።

«የአባት አድራሻ?»

«ሶዶ።»

«የእናት?»

«ገሱባ።»

«ልጅቷስ የት ነው የምትኖረው?»

«እዚህ» አልኩ።

ሳላስብ ነው የመለስኩት። ዓመቱን ሙሉ ሳስብ ከርሜ፣ ሳላስብ። እሳቸውም ጻፉ፣ ቀጣዩን ሰው ጠሩ። በቃ። ባርኮት እጄን እየጎተተች ክፍሉን በመስኮት ልታይ ወሰደችኝ። ዴስኮቹን ቆጠረች፣ የቱ ላይ እንደምትቀመጥ መረጠች።

 ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። የመልካሙን ፊት እያየሁ ነው። ከመርፈድ አሁን ይሻላል ብዬ ደወልኩ።

«ባርኮትን እዚህ አስመዘገብኳት።»

ከኋላው የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፣ ሰው ያወራል። ሶዶ።  ኔትወርኩ እንዳለ ለማየት ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አነሳሁት። አለ።

«ብሩኬ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ደክሟል። እንደ ሰኞ ድምፅ ነበር። «አዲሱ ፕሮግራም ላይ ዓርብ ከሰዓት ላብራቶሪ የለኝም። ሰኞ ጠዋትም ክፍት ነው። ቅዳሜ ልምጣ ወይስ ዓርብ?»

«ዓርብ» አልኩት።